ይህ 300 ብር ከየት መጣ? ከደሴ ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ

ጉዳዩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮን ዋጋው እንዴት እንደተተመነ ለተራው ገዢ እንዲነገር ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ።

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ የነጋዴ ሒሳብ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የጨርቅ፣ የበርበሬ፣ የብረታ ብረትና የእህል ነጋዴዎች ናቸው፤ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ድረስ ሄጄ የማየው መዝገብም አለኝ። ከዚህ ሌላ የሁለት ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ የከተማችን ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ምን ሲሰማ እንደሚነሣ በየቀኑ አያለሁ።

ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ መሸጥ የጀመረው ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ሰሞን አንዲት በርበሬ ነጋዴ ደንበኛዬ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቴሌብር ከፍተው አክሲዮን መግዣው ላይ ደርሰዋል። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፤ ትልቁ 3,333 አክሲዮን። እጃቸው የበርበሬ እጅ ስለሆነ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አሳዩኝና "ልጄ፣ ይህ 300 ብር ከየት መጣ?" አሉኝ።

"እንዴት ማለትዎ ነው እትዬ?"

"እኔ በርበሬ ስሸጥ ገዢው 'ለምን ይህን ያህል አልሽ' ይለኛል። ከማረቆ ነው የመጣው፣ በዚህ ገዛሁት፣ ለመኪና ይህን ከፈልኩ፣ ለማስፈጫ ይህን፣ ትርፌ ይህቺ ናት እለዋለሁ። ካላመነኝ ጎረቤቴን ጠይቆ ይመጣል። የዚህንስ ማንን ልጠይቅ?"

ኩባንያው ስለ ሽያጩ ለገዢዎች ያዘጋጀው ሰነድ ወጥቶ ነበር፤ እኔም አውርጄ ሁለት ማታ አንብቤዋለሁ። ገቢው፣ ወጪው፣ ዕዳው፣ ስጋቱ ሁሉ አለበት። ነገር ግን በርበሬ ነጋዴዋ ለጠየቁኝ ጥያቄ እሳቸው በሚገባቸው ቋንቋ፣ ቁጭ ብለው ቡና እስኪጠጡ ድረስ የምጨርሰው መልስ ላወጣበት አልቻልኩም። ለነገሩ ሥራዬ ይህ ነው። "አብሽር፣ ሌላ ጊዜ" ብለውኝ ስልኩን ዘግተው ሄዱ። አልገዙም።

ሽያጩ ታኅሣሥ 25 ቀን ሊዘጋ ታስቦ እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ተራዘመ። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን፣ ከታሰበው 30 ቢሊዮን ብር የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን መሆኑ ተነገረ። ገዢዎቹ 47,377 ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ላካፍላቸው፦ በአማካይ አንዱ ገዢ 226 አክሲዮን ገደማ፣ ወደ 68 ሺህ ብር አውጥቷል ማለት ነው። ከትንሹ መጠን ሰባት እጥፍ ያህል ነው። የ9,900 ብሩ በር የተከፈተው ለበርበሬ ነጋዴዋና ለመሰሎቻቸው ነበር፤ ቁጥሩ ግን አቅም ያለው ሰው በርከት አድርጎ እንደገዛ ይናገራል። አንዳንዱ "ዋጋው ተወደደ" ይላል፣ ሌላው "ሕዝቡ አልገባውም" ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የሚያሳስበኝ ተወደደም ረከሰም ብሎ ለመከራከር እንኳ ተራው ሰው በእጁ መለኪያ አለመኖሩ ነው።

መለኪያው ለምን እንደጠፋ አውቃለሁ። እኛ አክሲዮን የምናውቀው በባንክ ነው። ባንክ ሲመሠረት አክሲዮኑ ላይ 1,000 ብር ተጽፎ በ1,000 ብር ይሸጣል፤ ከዓመታት በኋላ ባንኩ አትርፎ፣ ሕንፃ ሠርቶ፣ ቅርንጫፉን አብዝቶ ካፒታሉን ሲያሳድግ ለነባሩ ባለአክሲዮን አሁንም በተጻፈበት ዋጋ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ አንድ ትውልድ ሙሉ አክሲዮን እንደ ፖስታ ቴምብር ዋጋው ላዩ ላይ የታተመ ነገር መሰለው። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮች ውስጥ የነበራቸው አክሲዮን በጨረታ ሲሸጥ ከተጻፈበት ዋጋ በላይ መውጣቱን ሰምተን ተገርመን ነበር። መገረማችን በራሱ ችግሩን ያሳያል።

እኔም በዚህ ተጎድቻለሁ። ከዓመታት በፊት በምሥረታ ላይ የነበረ አንድ ባንክ፣ ስሙን አላነሣም፣ ሃያ አክሲዮን በ20 ሺህ ብር ሸጠልኝ። አሻሻጩ ከላዩ 1,000 ብር የአገልግሎት ተቀበለኝ። "ባንክ ከስሮ አያውቅም" አለኝ፣ እኔም ሒሳብ የማውቅ ሰው ሆኜ ከዚህ ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ ያ ባንክ መሙላት አቃተው። 20 ሺሁ ብሬ ብዙ ተመላልሼ ተመለሰልኝ፤ የአገልግሎቱ 1,000 ብር ግን ቀረ። ያቺ 20 ሺህ ብር በከፈልኩበት ጊዜ የእናቴን ቤት ጣሪያ ልትከድን ትችል ነበር። ስትመለስ ግማሹንም አልከደነችም። ማንም ሰረቀኝ አልልም፤ ነገር ግን ሳልጠይቅ ከፍዬ ነበር፣ እንድጠይቅም የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም።

አሁን ሕግ አለ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሥሪያ ቤታችሁን አቋቁሟል። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተመርቆ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በንጉሡ ዘመን የነበረው የአክሲዮን መገበያያ ከአብዮቱ ጋር ከተዘጋ ወዲህ ስንት ዓመት ነው! ይህን ቀን ያየ ሰው ደስ ሊለው ይገባል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ለዚህም ነው አሁን፣ ብዙ ሽያጭ ከመከፈቱ በፊት የምጽፍላችሁ።

አይፒኦ የሚባለው፣ አክሲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የሚቀርብበት ሽያጭ፣ ዋጋው የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሻጩ አንድ ዋጋ ቆርጦ "በዚህ ውሰዱ" ሊል ይችላል፤ የቴሌኮሙ ሽያጭ እንደዚያ ነበር። ወይም "ከዚህ እስከዚህ" ብሎ ወሰን ሰጥቶ ትልልቆቹ ገዢዎች በስንት ብር ስንት እንደሚፈልጉ አስመዝግቦ፣ መዝገቡን አይቶ ዋጋውን ይወስናል። ወይም በግልጽ ጨረታ። እኛ የመጨረሻውን እናውቀዋለን። ዕቁባችን ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡ ካልቸኮለበት ዕጣውን ለቸገረው ይሸጣል። በቅርቡ የ100 ሺህ ብር ዕጣ ሲሸጥ አንዱ 3 ሺህ፣ ሌላው 4 ሺህ ተኩል እያለ 6 ሺህ ላይ ቆመ። እኔ መዝገብ ላይ ጻፍኩ፤ አርባ ሰው ሰማ። (ሃይማኖታቸው የማይፈቅድላቸው አባላት አይገቡበትም፤ ስለ እነሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።) ያን ዕለት 6 ሺሁ ከየት መጣ ያለ የለም፤ ሁሉም ሲመጣ አይቶታል። ዋጋ ተቆርጦ ሲቀርብ ግን ገዢው መንገዱን አላየም፤ ስለዚህ መንገዱን የመናገር ግዴታ የሻጩ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ለደንበኞቼ ሳስረዳ ነው በደንብ የገባኝ። በብዙ አገር አዲስ አክሲዮን ሆን ተብሎ በጥቂቱ ረከስ ተደርጎ ይሸጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ያለው ሲታሰብ፣ አዲስ አክሲዮን በመጀመሪያው የግብይት ቀን ብቻ በአማካይ 19 በመቶ ገደማ ዋጋው ጨምሯል። ሻጩ ለምን ራሱን ይጎዳል? ኬቨን ሮክ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 የሰጠው መልስ ሰኞ ገበያ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጤፍ ሊሸምት ረፋድ ላይ የሄደ ሰው የሚጠብቀው ምንድን ነው? እህል የሚያውቁት ነጋዴዎች ጎሕ ሳይቀድ መጥተው ምርጡን አንሥተዋል። እሱ የሚያገኘው እነሱ ዘግነው፣ አሽተው፣ አይተው የተዉትን ነው። የፈለገውን ያህል ካገኘ ደስ ሊለው ሳይሆን ለምን እንደተረፈለት ሊጠይቅ ይገባል። አክሲዮንም እንዲሁ ነው፦ ጥሩ ሽያጭ ሲሆን አዋቂው ይሻማበትና ለትንሹ ገዢ የጠየቀው ሩብ እንኳ አይደርሰውም፤ መጥፎ ሲሆን አዋቂው ይሸሻል፣ ትንሹ የጠየቀውን በሙሉ ይታቀፋል። ይህን የቀመሰ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። እንዲመጣ ከተፈለገ ወይ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ወይ እሱም እንደ አዋቂው ዘግኖ እንዲያይ ይደረጋል። እኔ የምለምናችሁ ሁለተኛውን ነው።

የጎረቤታችንን የኬንያን ሳፋሪኮም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ መንግሥት የኩባንያውን 25 በመቶ፣ 10 ቢሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ5 ሽልንግ ሸጠ። የፈላጊው ብዛት ከቀረበው ብዙ እጥፍ ሆነ፤ ከባንክ ተበድሮ የተሰለፈ ነበር። የጠየቀውን ያገኘ የለም ማለት ይቻላል፤ የተረፈው ገንዘብ እስኪመለስለት የብድሩ ወለድ ቆጠረበት። የመጀመሪያው ቀን ዋጋው ከ5 ሽልንግ በላይ ወጣ፣ ሰው ጨፈረ። ዓመት ሳይሞላ ከ5 በታች ወረደ፤ ብዙው ትንሽ ገዢ ደንግጦ ሸጠ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያው አክሲዮን ከ40 ሽልንግ በላይ ደረሰ። ኩባንያው ያኔም ጥሩ ነበር። በመካከል የተጎዳው ለምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንዳለበት ማንም ያልነገረው፣ በብድር የገዛ ሰው ነው።

ግን ሁሉም እንደ ሳፋሪኮም አይመለስም። ጄይ ሪተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1984 አሜሪካ ውስጥ ወደ ገበያ የወጡ 1,526 ኩባንያዎችን ተከታትሎ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ካለፈ በኋላ ገዝቶ ሦስት ዓመት የያዘ ሰው 34 በመቶ ገደማ አተረፈ፤ ተመሳሳይ መጠንና ሥራ ያላቸው ነባር ኩባንያዎችን የያዘው ግን 62 በመቶ ገደማ። አዲስ የሚወጣ ኩባንያ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስሙ በገነነበት፣ ሰው በጓጓበት ሰዓት ነው። ሻጩ ሰዓቱን ይመርጣል፤ ገዢው አይመርጥም። እናንተ የምታውቁትን ይህን ነገር ደሴ ላይ ስንት ሰው ያውቃል?

የሚሸጠው የመንግሥት ንብረት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ዋጋው ከፍ ካለ የገዛው ይጎዳል። ዝቅ ካለ የሚጎዳው መግዛት ያልቻለው ነው፤ 9,900 ብር የሌለው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ግብር ከፍሎ፣ ካርድ ሞልቶ ያሳደገው ድርሻ ብር ላለው ሰው በርካሽ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለቱንም የሚያስታርቅ ትክክለኛ ዋጋ የሚነግረኝ ሰው አልጠብቅም። የተመረጠው ዋጋ ለማን አድልቶ እንደተመረጠ ግን በግልጽ ሊነገረን ይገባል።

ሁለት ማታ ያነበብኩት ዓይነት የሽያጭ ሰነድ፣ ፕሮስፔክተሱ፣ በአዋጁ ቋንቋ "የደንበኛ ሳቢ መግለጫ" ይባላል። ስሙን ባነበብኩ ቁጥር ቅር ይለኛል። ሥራው ደንበኛ መሳብ አይደለም፤ ገዢው አይቶ እንዲወስን፣ ቢያስፈልግም እንዲተው ማድረግ ነው። ስሙን ለመቀየር አዋጅ ማሻሻል ይጠይቅ ይሆናል፤ እኔ የምጠይቀው ግን በመመሪያ የሚቻል ይመስለኛል። ማንኛውም ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ከትልቁ ሰነድ ፊት አንድ ገጽ፣ በአማርኛና ሽያጩ በሚካሄድበት አካባቢ ቋንቋ፣ እናንተ አይታችሁ ያጸደቃችሁት፣ ያስቀድም። ገጹ ላይ ኩባንያው ባለፉት ሦስት ዓመታት ለአንድ አክሲዮን በየዓመቱ ስንት ብር እንዳተረፈ ይጻፍ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፦ 300 ብር የሚሸጥ አክሲዮን በዓመት 15 ብር የሚያተርፍ ከሆነ ዋጋው የሃያ ዓመት ትርፍ ነው፤ 50 ብር የሚያተርፍ ከሆነ የስድስት ዓመት። ይህን በርበሬ ነጋዴዋ ከእኔ ፈጥነው ይረዱታል፤ ሱቅ ሲገዙ የሚያሰሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ ዋጋውን ማን ገመተው፣ ለመገመቱ ማን ከፈለው፣ ከየትኛው አገር ምን ዓይነት ኩባንያ ጋር አነጻጸረው፣ በየት በኩል ሊሳሳት ይችላል የሚለው ይከተል።

አሻሻጩ ከእያንዳንዱ አክሲዮን ስንት እንደሚያገኝም እዚያው ይቀመጥ። እኔን "ባንክ ከስሮ አያውቅም" ያለኝ ልጅ በሸጠው ልክ እንደሚከፈለው ባውቅ ኖሮ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር።

ቀደም ብዬ ስለጠቀስኳቸው ሰዎች ልመለስ። ወሎ ውስጥ ወለድ የማይነካ ብዙ ሕዝብ አለ። ገንዘቡን ያለ ወለድ ባንክ ያስቀምጣል ወይም ወርቅና ከብት ይገዛበታል። አክሲዮን የእውነተኛ ንግድ ድርሻ ስለሆነ ለእነዚህ ሰዎች ከማንም በላይ የተመቸ ነበር። ግን ሲገዙ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ ኩባንያው ከጠቅላላ ገቢው ስንቱን ከወለድ ያገኛል፣ ስንትስ የወለድ ዕዳ አለበት? ሁለት ቁጥር ነው። በዚያችው ገጽ ላይ ቢጻፍ ሰውየው ከሃይማኖት አባቱ ጋር ተማክሮ ራሱ ይወስናል። ካልተጻፈ አይገዛም። ከዚያ "ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም" ይባላል።

የመውጫውም ነገር አለ። ቡና ቤት የሰማሁት ጥያቄ አብዛኛው "ስንት ያተርፋል" ሳይሆን "ቢቸግረኝ የት እሸጠዋለሁ" የሚል ነው። ይህ የፈሪ ጥያቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሱቁ ተዘርፎ ባዶ እጁን የቀረ ነጋዴ ስንት ነው፤ ያን ያየ ሰው በአንድ ሳምንት ወደ ብር የማይለወጥ ነገር ቢፈራ አይፈረድበትም። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ለዓመታት ከኑሮ ውድነቱ በታች ሲቆይ እንኳ ብዙው ሰው ብሩን ባንክ ያቆየው ሲፈልግ ስለሚያገኘው ነው። ስለዚህ ሽያጭ ሲከፈት አክሲዮኑ መቼ ገበያ ላይ እንደሚመዘገብና ደሴ የተቀመጠ ሰው በማን በኩል እንደሚሸጠው አብሮ ይነገር። ቀኑ ካልታወቀ "ቀኑ አልታወቀም" ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሽያጩ በኋላ ዋጋው ምን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ እናንተ ያዙልን፦ በስንት ተሸጠ፣ በዓመቱ ስንት ሆነ፣ በሦስት ዓመቱስ፣ ምን ያህል የትርፍ ድርሻ ከፈለ፣ ዋጋውን የገመተው ማን ነበር። አሁን ጥቂት ኩባንያ ስለሆነ ቀላል ነው። የዛሬ አሥር ዓመት አዲስ ሻጭ ሲመጣ፣ ያው ገማች ካሁን በፊት የገመታቸው የት እንደደረሱ ማየት እንችላለን። ነጋዴ ዱቤ ከመስጠቱ በፊት የሰውየውን የድሮ መዝገብ ያያል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሰው አክሲዮን እንዳይገዛ አይደለም። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ብር ፍራሽ ሥር፣ ያልተከራየ መሬት ላይ፣ ከዓመት ዓመት በማይጨምር ነገር ላይ ተኝቶ ሲቀር ያሳዝነኛል። ያ ብር ፋብሪካ ሊሆን ይችል ነበር።

በርበሬ ነጋዴዋ ባለፈው ሳምንት ግብራቸውን ሊያሰሉ መጥተው ነበር። ሥራችንን ስንጨርስ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙና "ያ የ300 ብሩ ነገር፣ መልስ አገኘህለት?" አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። የሚቀጥለው ሽያጭ ከመከፈቱ በፊት ያችን ገጽ ከላካችሁልኝ፣ አትሜ ቢሮዬ በር ላይ፣ ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ እለጥፋታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የነጋዴዎች ሒሳብ ሠራተኛና የዕቁብ ጸሐፊ
ደሴ